እኔን ተከትላችሁ በሉ

እህቴ ጩኸታም ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ታውቀዋለች። ሰፈሩ «ጡሩምባ» ይላታል። ወላጆች ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ «እባካችሁ ጡሩምባ ጋ ይመደብልን» ብለው ይለምናሉ። የአንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ስታስተምር ድምፅዋ የትምህርት ቤቱን አጥር ዘሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጸጉር ቤት ድረስ ይመጣል። የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ደንበኛ እንኳ ትሰማታለች። «ይቺ ሴትዮ ሳንባዋ ከምን ቢሠራ ነው?» ይሉኛል። «ሳንባ አይደለም፣ እልህ ነው» እላቸዋለሁ።

ደግሞም እልህ ነው። ክፍሏን ብታዩት ታዝኑላታላችሁ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ስድስት ሕፃን ይጨናነቃል፣ ዳር ያለው በአንድ ቂጡ ነው የሚቀመጠው። መጽሐፉ ለአንድ ወንበር አንድ ነው፤ እሱም ቢሆን ሽፋኑ ተገንጥሏል። እንዲህ ባለ ክፍል ልጅ አንድ በአንድ እያስነሱ መጠየቅ የማይታሰብ ነው፤ መጨረሻ ወንበር ሳይደረስ ደወሉ ይደወላል። ስለዚህ እታለም አንድ ዘዴ ያዘች። እታለም የምላት ታላቄ ስለሆነች ነው፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ዘዴዋ ቀላል ነው፦ እሷ ትላለች፣ ልጆቹ ተከትለው ይላሉ። እርሳስ ከፍ አድርጋ «ዋት ኢዝ ዚስ?» ስትል ክፍሉ በሙሉ ባዶ እጁን ሰቅሎ «ዋት ኢዝ ዚስ!» ይላል። «ኢት ኢዝ ኤ ፔንስል» ስትል «ኢት ኢዝ ኤ ፔንስል!» ጥያቄውንም እነሱ፣ መልሱንም እነሱ። ጣራው እስኪነሳ ነው የሚጮኹት።

«እኔ ክፍል ማንም ብቻውን ቆሞ አያፍርም» ትላለች። ለእሷ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ልጅ ሳለች አስተማሪዋ ብቻዋን አስነስቶ ሲጠይቃት ደንግጣ እዚያው ቆማ ሸንታ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ተሳቀባት። ባል አግብታም አልሆነላት፣ ልጅም አልሰጣትም። «ልጆቼ» ስትል አንደኛ ክፍልን ማለቷ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የእኔዋ ሚጡ እዚያ ክፍል ገብታለች። ቤት ስትመጣ አሻንጉሊቶቿን ደርድራ እንደ አክስቷ ትጮህባቸዋለች። ከአንድ ጡሩምባ ሁለት ጡሩምባ! እኔ በመሀል ጆሮዬ ደነቆረ።

እስካምና ድረስ ፈተናው የወረቀት ነበር። ሥዕሉን ከቃሉ ጋር በመስመር ማገናኘት። የእታለም ልጆች ያንን እንደ ውሃ ነበር የሚጠጡት። ዘንድሮ ግን ርዕሰ መምህሩ አስተማሪዎቹን ሰብስቦ «ከውጭ ፈታኝ ይመጣል፣ ልጆቹን አንድ በአንድ በቃል ይጠይቃል» አላቸው። ያ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ከግማሽ በታች ልጅ ያለፈበት ክፍል አስተማሪው ይነሳል ተባለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ የሚነሳው ሰው የት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል።

ያን ቀን እታለም ቤት መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «እነሱን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል?» አለችኝ። እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ማን አባቱ ነው የሚወስድብሽ? አንቺን የመሰለ አስተማሪ ከየት ያመጣሉ?» አልኳት። ከዚያ በኋላ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ አስጠናቻቸው። እኔ ማታ ማታ ዝንጅብል አፈላላታለሁ፣ እሷ በማግስቱ ሄዳ ትጮኸዋለች።

ፈታኙ መጣ። ታብሌት የያዘ፣ ትሑት ወጣት። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ፣ የምረግመው አላጣም ነበር። እታለምን ተነስቶ ጨበጣትና «መምህርት፣ እዚህ መቀመጥ ይችላሉ፤ መናገርና ምልክት መስጠት ግን አይፈቀድም» አላት። መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እኔ የወላጅ ኮሚቴ ስለሆንኩ ለታዛቢነት ከኋላ አስቀመጡኝ። ልጆቹ ውጭ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ገባ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ። ፈታኙ እርሳስ ከፍ አድርጎ «ዋት ኢዝ ዚስ?» አለው። ልጁ ፈገግ ብሎ እርሳሱን ከፈታኙ እጅ ወሰደና ከፍ አድርጎ «ዋት ኢዝ ዚስ!» አለ። ፈታኙ ግራ ገባው። እርሳሱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ደገመለት። ልጁ አልሰማኝም ብሎ ነው መሰለኝ በጣም ጮኾ ደገመለት። «ሃው ኦልድ አር ዩ?» «ሃው ኦልድ አር ዩ!» ምንም ቢጠይቀው አንዲት ቃል ሳይጥል ያንኑ ይመልስለታል።

እኔማ ላጨበጭብ ምን ቀረኝ! አትሳቁብኝ፣ እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው። አነጋገሩ ደግሞ ቁርጥ ፈታኙን! «ወይ የኔ አንበሳ» አልኩ በሆዴ። ደስታዬን ላካፍላት ወደ እታለም ዞር ስል ፊቷ አመድ መስሏል። እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ከታ ጨብጣቸዋለች። ያኔ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባኝ።

ልጁ እየዘለለ ወጣ። በመስኮት «ቀላል ነው! የሚላችሁን ብቻ በሉ!» ሲል ሰማነው። ሰልፉ በደስታ አስተጋባ። ጉድ ፈላ! ከጥቂቶች በቀር ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ ያንኑ አደረገ፤ የፈራ የለ፣ ያለቀሰ የለ፣ ሁሉም ደረቱን ነፍቶ የፈታኙን ጥያቄ ለፈታኙ እየመለሰ ይወጣል። ፈታኙ ታብሌቱን አንዴ ይነካል፣ አንዴ ግንባሩን ያሻል።

የሚጡ ተራ ደረሰ። ጠዋት ሹሩባ ሠርቼላታለሁ። «ዋት ዱ ዩ ላይክ?» አላት። ቀጥ ብላ ቆማ፣ በአክስቷ ድምፅ፣ በአክስቷ የእጅ አነሳስ «ዋት ዱ ዩ ላይክ!» አለችው። ከዚያ «ልክ ነኝ አይደል?» በሚል ዓይን እታለምን አየቻት። እታለም ምን ታድርግ? ፈገግ አለችላት።

ሚጡ ስትወጣ እታለም ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ጌታው፣ ልጆቹ መልሱን ያውቁታል! ተከተሉኝ ያልካቸው መስሏቸው ነው። አንድ ቃል ብቻ ልንገራቸው፣ መልሱለት ልበላቸው!»

«መምህርት፣ ገብቶኛል እኮ» አለ ፈታኙ፤ እሱም ተጨንቋል። ታብሌቱን አዞረላት። «እዩት፣ ልክ እና ስህተት ብቻ ነው ያለው። ሌላ የምነካው ነገር የለም። እርስዎ ከተናገሩ ደግሞ የክፍሉ ፈተና በሙሉ ይሰረዛል።»

ተመልሳ ተቀመጠች። የመጨረሻው ልጅ እስኪወጣ አንዴም ቀና አላለችም።

ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቤታቸው የሚያስጠናቸው ታላቅ ያላቸው። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ «ከሰኞ ጀምሮ ግምጃ ቤቱን ተረከቢ» አላት። ሚጡ ማታ አልጋዋ ላይ እየዘለለች «አንድም አልሳትኩም፣ እታለም ምስክሬ ናት!» ትላለች። ልጅቷን ካስተኛሁ በኋላ ደሜ ፈላ። በፈታኙ፣ በርዕሰ መምህሩ፣ ልክና ስህተት ብቻ ባለበት ታብሌት። ምን እዋሻለሁ፣ በእታለምም።

«ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽ ዝም ብትዪላቸው ምን ነበረበት?» አልኳት።

«እንዳያፍሩ ብዬ እኮ ነው» አለች። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ ነበረች። ሚጡን ልወስድ ቀደም ብዬ ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። የጡሩምባ ድምፅ የለም። እታለም ሰሌዳው ፊት ኳስ ይዛ ቆማለች። «ዋት ኢዝ ዚስ?» አለች ቀስ ብላ። ክፍሉ ያንኑ ጮኸ። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። እንደገና ጠየቀች፣ እንደገና ጮኹ። «አሁን ተከተሉኝ አላልኩም» አለቻቸው። «እኔ አላውቀውም፣ እናንተ ንገሩኝ።» ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቲቸር የማታውቀው ነገር አለ እንዴ? አንዷ የተቆጣቻቸው መስሏት ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እታለም መሬት ላይ አብራቸው ተቀመጠች፣ ኳሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እሷ! አፏን ለቅጽበት ዘግታ የማታውቀው ሴትዮ!

«ቦል?» አለ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ።

እንዴት ብላ እንደተነሳች አላየሁም፣ ብቻ ልጁን ስታቅፈው አየሁ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ወንበሩን፣ ሰሌዳውን፣ መስኮቱን፣ የእኔን ጃንጥላ ሳይቀር እየጠየቀች እነሱ እየተሻሙ ይመልሳሉ። አንዱ አፍንጫዋን «ማውዝ» አላት። ሳቁበት። እታለም ክው አለች፤ ዕድሜ ልኳን የፈራችው ነገር ይኸው መጣ። ልጁ ግን ራሱም ከነሱ ጋር ሳቀና «ኖዝ!» ብሎ አረመ። ደወሉ ሲደወል ገና እጃቸውን አውጥተው ነበር።

አንድ ክፍለ ጊዜ ነው የፈጀባቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ!

እታለም ቾኳን ከእጇ ሳታራግፍ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። «አሁኑኑ መጥተህ ጠይቃቸው፣ ይመልሱልሃል!» አለችው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለ እየሳቀ። «መምህርት፣ ውጤቱ ተልኳል። እኔ ምን ላድርግ? በሚቀጥለው ዓመት ይፈተናሉ።»

በሚቀጥለው ዓመት! እሷ እዚያ ከሌለች የሚቀጥለው ዓመት ምን ያደርግላታል? ጃንጥላዬን ባልይዝ ኖሮ ሰውዬውን አንቀው ነበር።

ሰኞ ምሳዋን ረስታ ስለሄደች ይዤላት ሄድኩ። ግምጃ ቤቱ ከአንደኛ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። እግሩ የተሰበረ ወንበርና የመጥረጊያ ክምር መሀል ተቀምጣለች፣ ጆሮዋ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ከወዲያ አዲሷ አስተማሪ ስታስተምር ይሰማል፤ ዘንድሮ የተመረቀች፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ። ስለዓርቡ ማንም አልነገራትም፣ የእታለምን የድሮ የማስተማሪያ ዘዴ ብቻ ነው ያስረከቧት።

«እኔን ተከትላችሁ በሉ» አለች። «ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ቡክ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

እታለም ክንዴን ጨመቀችው። «ሰማሽ? አገኙት!»

«ተከተሉኝ ነው ያልኩት!» አለች አዲሷ አስተማሪ። «ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ቡክ!»

ጠረጴዛ በማስመሪያ ተመታ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስትላቸው አንዳንዶቹ፣ ከዚያ ብዙዎቹ፣ ከዚያ «ቡክ!» ካለች አንዲት ድምፅ በቀር ሁሉም «ዋት ኢዝ ዚስ» አሉ፤ በዝግታ፣ ያለ ጩኸት። ቀጥሎ የክፍሉ በር ተከፈተና አንድ ልጅ ወደ ኮሪደሩ ተባረረ። ወጣሁ። የእኔዋ ጉድ፣ ሚጡ ናት። ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

እታለም ከኋላዬ መጥታ ፊቷ ተንበረከከች።

«እታለም፣ መጽሐፍ ነው እኮ የያዘችው» አለች ሚጡ። «መጽሐፍ ነው አይደል?»

«አዎ የኔ ቆንጆ፣ መጽሐፍ ነው።»

«እንዳልሽን እኮ ነው የመለስኩላት።»

እታለም በቀሚሷ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት። ገብታ ከአስተማሪዋ ጋር ትጣላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ ለራሴ እጅጌዬን እየሰበሰብኩ ነበር። እሷ ግን ሚጡን ትከሻዋን ይዛ ወደ በሩ አዞረቻት።

«ልክ ነሽ» አለቻት። «አሁን ግን ግቢና ያለችሽን በያት።»

ሚጡ አየቻት። እኔንም አየችኝ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፣ እኛም ከውጭ ቆመን ብቻዋን «ዋት ኢዝ ዚስ» ስትል ሰማናት።