አንድ ሚሊዮን ከአንድ

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን ከደሴ ተመድቤ አሰብ ሒሳብ አስተምር ነበር። የእህቴ ሠርግ ደርሶ አዲስ አበባ ልሄድ አውሮፕላን ማረፊያው ስደርስ፣ ነፋሱ አሸዋውን አንሥቶ ሰማዩን ጋርዶታል። አውሮፕላኑ ዘገየ። ግድግዳ ተከልዬ ተቀመጥኩና ተማሪዎቼ የጠየቁኝን ቁጥር በጃንጥላዬ ጫፍ መሬቱ ላይ ጻፍኩ፤ አንድ ሚሊዮን ከአንድ። ከራሱና ከአንድ ሌላ፣ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር ይኖር ይሆን?

አጠገቤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የማያቸው የወሎ ሰው፣ ሐጂ የሚባሉ ነጋዴ ተቀምጠዋል። ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ጠጋ ብለው ከሦስት እንጀምር አሉ።

ለሦስት ስናካፍለው ሁለት ተረፈ። ለሰባትም ሁለት። ለዐሥራ አንድ ሁለት፣ ለዐሥራ ሦስትም ያው ሁለት።

«ይኼ ሁለት ምን ፈልጎ ነው የሚከተለን?» አሉ።

እኔም ገረመኝ። በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ። ከሚሊዮን አንድ ሲጎድል ዘጠኝ ስድስት ጊዜ ይደረደራል፤ ያ ቁጥር ለእነዚህ ሁሉ ልክ ይካፈላል። የኛው በሁለት ስለሚበልጠው ሁልጊዜ ሁለት ይተርፋል። ሐጂ ዘጠኞቹን ራሳቸው ለሰባት አካፍለው እስኪያዩ አላመኑኝም። ለዐሥራ ሰባት ስንሞክር ግን ዐሥር ተረፈ፤ ሁለት ለቀቀን።

ይኼኔ አውሮፕላኑ መጣ። እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን። የአፋርን በረሃ ስናቋርጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሐጂ ከጎኔ ቆመዋል፤ የያዙት የሲጋራ ፓኮ ጀርባው በእርሳስ ጠቁሯል።

«መምህርት፣ ለመቶ አንድ ተካፈለ» አሉኝ ቀስ ብለው።

አባዛሁት። መቶ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ፤ ልክ ነው። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድስ ራሱ ይካፈል ይሆን ስንባባል አውሮፕላኑ አረፈ፣ ተለያየን።

ሠርጉ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ያንኑ ቁጥር ማካፈሌን ቀጠልኩ። መቶ በመቶ ሲባዛ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ፣ ከመቶ በታች ያሉትን መሞከር ይበቃል። እህቴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ የምትዳረው እሷ ናት ወይስ ቁጥሩ ብላ ጠየቀችኝ። ሙሽራዋ ከመሄዷ በፊት ጨረስኩ፤ አንድም የሚያካፍለው አልተገኘም።

አሰብ ስመለስ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ሄድኩና ነገርኳቸው። ለአንዲት ገዢ የሚለኩትን ጨርቅ አስቀመጡ።

«እንግዲያ ያ ብቻውን የቆመ ነው» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ዐሥር ሚሊዮን ከአንድስ?»

ወንበር ሳብኩ። እሱስ ብዙ አላስቸገረንም፤ ለዐሥራ አንድ ተካፈለ። ጨርቅ የምትገዛዋ ሴትዮ ግን ተቆጥታ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዳ ነበር።