አንድም ቀሪ የሌለበት ክፍል

ተማሪዎቹ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የዛሬዎቹ አይደሉም፤ ከሃያ ዓመት በፊት የነበሩት ናቸው። የዛሬዎቹ ከታላላቆቻቸው ሰምተው ለምን እንደተባለ እንኳ ሳያውቁ ይጠሩታል። ሰውየው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል።

ያኔ ጠዋት የክፍሉን ተማሪዎች ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል ድምፅ ካልሰማ ከተማሪው ስም ትይዩ በቀይ «ቀ» ይጽፋል። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቅጽል ስም የሚያወጣለት ባልነበረ። እሱ ግን የዕረፍት ደወል ሲደወል ኮቱን ደርቦ ይወጣና የቀረውን ልጅ ቤት ያንኳኳል። አንድ ቀን እናቱ ሥራ ውላበት ብቻውን በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ልጅ አግኝቶ ጤና ጣቢያ ድረስ አዝሎ ወስዶታል። ሰፈርተኛውም ያግዘው ነበር። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ የሚዞር ልጅ ከታየ ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ፣ ባለሱቁ ከባንኮኒው ወጥቶ «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ? እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይሉታል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ወደመጣበት ይመለሳል። ዛሬ ያው ባለሱቅ ከሱቁ ጀርባ ስድስት ስክሪን ሰቅሎ ኳስ ያስቆምራል። ዩኒፎርም ለብሰው ለሚመጡት የደብተር ማስቀመጫ መደርደሪያ ሳይቀር አሠርቶላቸዋል፤ ደንበኛ አክባሪ ሰው ነው።

ቀይ እስክሪብቶ ሁሉን የተወበትን ቀን አይረሳውም። ከዚያው ከስክሪኑ ቤት አንድ ልጅ እጁን ይዞ አወጣ። በማግሥቱ አባትየው ቢሮ ድረስ መጥቶ «ልጄን የምትቆጣ አንተ ማን ነህ?» ብሎ ግቢውን አተራመሰው። ዳይሬክተሩ ነገሩ እንዲበርድ ብሎ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት መምህሩን ይቅርታ አስጠየቀው። ጠየቀ። ቀና ሲል ልጁ በስልኩ ሲቀርጸው አየ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ፍለጋ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ቂም ይዞ ነው? አዎ፣ ይዞ ነው፤ የተወጣው ግን ምንም ባላደረጉት ልጆች ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዳይሬክተር ሌላ መላ ይዞ መጣ። ቀሪ የበዛበት ክፍል ኃላፊ ለበላይ መሥሪያ ቤት ማብራሪያ ይጽፋል አለ። መምህራኑ አልተከራከሩም፤ ቀሪ የሚባል ነገር ከትምህርት ቤቱ ጠፋ። ቀይ እስክሪብቶ መጀመሪያ አንድ ሁለቱን አለፈ፣ ቀጥሎ ስም መጥራቱን ተወ፣ በመጨረሻ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት መምህራን ማረፊያ ሻዩን ይዞ ተቀምጦ የሚመጣውን ሳምንት በሙሉ አስቀድሞ ራይት ይመታው ጀመር። በማስመሪያ እየለካ፣ አንዱ ምልክት ካንዱ ሳይዛነፍ። የእጁ ሥራ ድሮም ያማረ ነው።

በመምህራኑ መካከል ደግሞ አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበር፤ የባልደረባ ልጅ ቀሪ አይባልም። ነውር ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ነው። እሱም የሒሳቡን መምህር ልጅ፣ የጸሐፊዋን መንትዮች ስንት ጊዜ ሸፍኗቸዋል። አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማረው የገዛ ልጁ የባዮሎጂ መምህርቷ ክፍል ውስጥ ነው። ለእሱስ ማን ምን እያደረገለት እንደሆነ አንድ ቀንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

በዚያ ሰሞን ከስክሪኑ ቤት ፊት ለፊት መስታወቱ የጠቆረ መኪና መቆም ጀምሮ ነበር። ባለቤቱ ሥራ አገናኝ ነኝ ይላል። ከዘጠነኛ ሁለት፣ ከአሥረኛ አራት ልጆች ይዞ ድንበር አሻገረ ተብሎ ተወራ። ከሄዱት ውስጥ ድምፁ የተሰማው የአንዱ ብቻ ነው፤ በስልክ፣ እያለቀሰ። መኪናውን ሁሉም ያየዋል፣ የሚጠይቅ ግን የለም። ቀይ እስክሪብቶም እዚያ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ልጁ ቦርሳውን አንግቶ ከወጣ በኋላ ከደጅ ተመለሰ። የአባቱን የኮት ኮሌታ አቃናለትና «ደህና ዋል፣ አባዬ» አለው። እንዲህ ያለ ነገር ከልጁ ከሰማ ዓመታት አልፈዋል። ቀይ እስክሪብቶ ደስ ብሎት ለሚስቱ «አየሽ፣ ልጅሽ ሰው ሊሆን ነው» አላት፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይም ለዘበኛው ደገመለት።

አራት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ መዝገቡን ይዞ እንዲመጣ አስጠራው። ቢሮ ውስጥ አንዲት ሴት ቆማለች፤ የሆቴል አንሶላ እያጠበች አንድ ልጇን የምታሳድግ እናት። የቀይ እስክሪብቶ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ሰኞ ጠዋት ለትምህርት እንደወጣ ቤት አልተመለሰም። ጓደኛው ጋ አድሮ ይሆናል ብላ ሁለት ሌሊት ታግሳለች። ዳይሬክተሩ መዝገቡን ገልጦ ጣቱን በስሙ ላይ አስኬደ፤ ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ ዛሬም አለ። ሐሙስና ዓርብም አለ ይላል፤ እሱን ግን በመዳፉ ሸፈነው።

የሴትየዋ ፊት በራ። ወደ መምህሩ ዞራ «እንግዲያው እዚሁ ነው ማለት ነዋ፣ ጋሼ?» አለችው።

ስም አልጠራሁም ቢላት ይበቃ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ዓይኑን አልነቀለበትም፤ ስምንቱ ወርም ታየው።

«መዝገቡ እንደሚለው ነው» አለ።

ክፍል ገብታ የትምህርት ሰዓት መረበሽ አልፈለገችም፤ በር ላይ ቆሜ ሲወጣ እይዘዋለሁ ብላ አመስግና ወጣች። እሱ በመስኮት ያያት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአጥሩ ሥር አልተነቃነቀችም። ስድስት ሰዓት ተደውሎ ተማሪው ሲፈስ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች፣ የለም፣ ወደሚቀጥለው ትዞራለች። ግቢው ጭር ሲልም ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ይህንን አልቻለውም። እውነቱን ሊነግራት ወረደ።

አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። «መቼም መጥፎ ቦታ አይሄድም። የሚውለው ከመምህር ልጅ ጋር ነው፤ ቤቴም መጥቶ ያውቃል፣ ያ ረጅሙ፣ ከቅንድቡ በላይ ጠባሳ ያለው። የመምህር ልጅ ነው ሲለኝ እፎይ ብዬ ነበር የተኛሁት።»

ያን ጠባሳ ያውቀዋል። የገዛ ልጁ በአምስት ዓመቱ ከደረጃ ወድቆ ነው፤ ሲሰፋ እጁን ይዞት የነበረው እሱ ነው። እዚያው ትቷት ወደ መምህራን ማረፊያ ሄደ። የባዮሎጂ መምህርቷ ምሳዋን እየበላች ነበር። መዝገቧን ራሱ አንስቶ ገለጠው። በልጁ ስም ትይዩ ቀሪ የለም፤ እስከ ዓርብ ድረስ የለም።

«ልጄን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ ስለሆነ እኮ ነው። ላሳፍርዎት አልፈለግኩም።»

«መቼ?»

«ወር አልፎታል» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ልጁ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ስንት ዓመት ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፤ በትምህርት ሰዓት ከግቢ ወጥቶ ሮጠ። በር ላይ የምትጠብቀው ሴት ሲሮጥ ስታየው ተከተለችው።

መኪናው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የፈሰሰ ዘይት ብቻ ነበር። ባለሱቁ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሟል። መኪናው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መሄዱን፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ከነቦርሳቸው ሲገቡበት ማየቱን ነገረው። አንዱ ረዘም ያለ፣ ሌላው ከሰኞ ወዲህ መኪናው ውስጥ ሲያድር የነበረው ነው አለ።

«ምነው ዝም ብለህ አየህ?» አለ ቀይ እስክሪብቶ።

«የማን ልጆች እንደሆኑ በምን አውቃለሁ?» አለ ባለሱቁ። «ማን ይጠይቃል ዛሬ? አንተስ መቼ ነው የጠየቅከው?»

ሴትየዋ ደርሳ አንዴ ባዶውን ቦታ፣ አንዴ የሁለቱን ሰዎች ፊት አየች። ከዚያ የመምህሩን ኮት እጅጌ ያዘች።

«መዝገቡ ግን አለ ብሏል፤ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ» አለችው። «አለ አላሉኝም፣ ጋሼ?»