ፊርማው ላይ ያረፈው ማኅተም

በደርግ ጊዜ ነው... አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ጎፋ፣ ጎረቤቴ መምህር ታደለ ሳሎን ገብቼ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አራተኛ ደብዳቤ አየሁ። የቀረበልኝን ቆሎ ትቼ አፈጠጥኩበት።

መምህር ታደለ ውጭ አገር ላሉ ታዋቂ ሳይንቲስቶች ይጽፋል። እነሱም በገዛ እጃቸው ፈርመው ይመልሱለታል። መልሱን በመስታወት አድርጎ ይሰቅላል፤ ሰፈርተኛው ሊያይ ይጎርፋል። የእኔን በር ግን ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የሚያንኳኳው የለም።

«አንተም ጻፍ እንጂ ወልዴ» አለኝ እየሳቀ። «ፖስታ ቤቱ እንደሆነ የሰፊው ሕዝብ ነው!»

ሳቁ አንገበገበኝ። ስድስተኛን ያልጨረስኩት ሰውዬ፣ የምሠራበት ፋብሪካ መዝገብ ቤት ያለችውን አሰለፈችን ለምኜ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ በታይፕ አስመታሁ። ከዋክብት ለሚያጠና አንድ ታዋቂ ሽማግሌ ላክሁ። መልሱ በፋብሪካው ፖስታ ሣጥን እንዲመጣ ነበር ያጻፍኩት።

ወራት አለፉ... አንድ ቀን አሰለፈች በመስኮት ተጣራች።

«ጋሽ ወልዴ! መጣልዎት!»

አማትቤ ተቀበልኩ። ደብዳቤው አጭር ነው። ከሥሩ በቀለም ብዕር የተጻፈ ፊርማ አለ... ፊርማው ላይ ደግሞ ክብ ሐምራዊ ማኅተም! የፋብሪካችን።

«ምን አደረግሽኝ አንቺ ልጅ?»

«እንዴ! መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ሳይመታበት ይወጣል? ደግሞስ ማኅተም የሌለውን ፊርማ ማን ያምነዋል?»

እንባዬ መጣ። ቢሆንም ወስጄ ሰቀልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሪ ጎራ ብለው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ።

«ይሄ ነው ደብዳቤ! የመምህሩ እኮ ማኅተም የለውም... መምህሩ ራሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው ጽፈውት ቢሆንስ?»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ቤቴ መቀመጫ ጠፋ። እኔም «ተዉ፣ የመምህሩ እውነተኛ ነው» አላልኩም። ደስ አለኝ... ደስ ማለቴ ራሱ አስፈራኝ።

በሳምንቱ መምህር ታደለ አስጠራኝ። ስገባ አራቱም ደብዳቤዎች፣ ልክ ፊርማዎቻቸው ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ተመትቶባቸዋል። የተማረው ሰው! ፊቱ ጠቁሯል... ያንን ጥቁረት ከራሴ መስተዋት አውቀዋለሁ።

«በል አሁን፣ የማን ይደምቃል?» አለኝ።

የእሱ ይደምቃል... እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የእኔን ነቅዬ፣ ሌላ ማኅተም ላስመታበት አሰለፈች ዘንድ መሮጥ አማረኝ።