ስድስት ፓውንድ ይዘን የሄድንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ስኔልቪል

ከቤት ስንወጣ ገና ጨለማ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም፤ ሦስቴ ተነስቼ በሩ መቆለፉን አየሁ። ልጄ ቤተልሔም ግን ደህና ተኝታ አድራ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ የውድድር ቱታዋን በክንዷ ይዛ ወጣች።

«አባዬ፣ ሹራብህን ያዝ፤ እዚያ ኮረብታው ላይ ይበርዳል» አለችኝ።

የቤታችንን መኪና፣ ካምሪውን፣ የምትነዳው እሷ ናት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ከጎን ተቀምጦ መሄድን እስካሁን አልለመድኩትም፤ እግሬ ፍሬን ሲፈልግ ነው የሚውለው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ቤቲ የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ ናት። በቴሌቪዥን የሚታየው እንደ ሮኬት የሾለው መኪና አይደለም የሷ። ይሄኛው ውድድር ማንም ሰው መሸጫ ገብቶ በሚገዛው መኪና ነው። ከፋብሪካው እንደወጣ ነው፤ የሚጨመርበት ለአደጋ የሚሆን የብረት አጥር፣ ወንበርና ቀበቶ ብቻ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ከስቴት ስቴት እየዞሩ ይሮጣሉ፣ ነጥብ ይደመራል፣ በመጨረሻ አንዱ የአገሩ ሻምፒዮን ይባላል። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ቤቲና አንድ የቴክሳስ ሰው በነጥብ እኩል ናቸው። ከሁለቱ ዛሬ ቀድሞ የገባው ሻምፒዮን ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጽጌ ጾም ላይ ነን። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ የፈለገ ይጾማል። አምና በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰው ፊት፣ «ይቺ ልጅ መኪና እንጂ ጾም አታውቅም» አልኳት። አፌን ምን እንደበላኝ እንጃ። ዘንድሮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ትውላለች። ቅዳሜና እሁድ እህል ውሃ አይከለከልም ብላትም አትሰማኝም። እኔን በስኳሬ ምክንያት ሐኪም ስለከለከለኝ ጠዋት እበላለሁ፤ እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች። ረቡዕ ዕለት ቀበቶዋ አልይዝ ብሏት በምስማር አንድ ቀዳዳ ጨመርኩላት። እሷ ትስቅብኝ ነበር።

አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ማሪዬታ

የገዛኸኝ ጋራዥ ከጥርስ ሐኪምና ከጎማ መሸጫ መሃል ነው። የውድድር መኪናዋ ባለቤትም ሜካኒክም እሱ ነው። ጴንጤ ነው፤ ጌታን ሳይጠራ ብሎን አይፈታም። ሰው ግን ደግ ነው።

ስንገባ መኪናዋ አራቱም ጎማዋ በአራት ሚዛን ላይ ቆማለች። ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት ወንበር። ሾፌሩ ወንበር ላይ ሁለት የአሸዋ ከረጢት በቀበቶ ታስሮ አየሁ። ላዩ ላይ በማርከር «ቤቲ 138» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጋሽ ወልዴ፣ ልጅዎን አላወቋትም? በሐምሌ መዝኛት በሷ ልክ ሰፋሁት። እሷ እስክትመጣ በዚህ ነው የምሠራው። አትጨቀጭቀኝም፣ ሙዚቃ ክፈት አትለኝም።»

ውድድሩ ሲያልቅ ሾፌሩ እንደተቀመጠ መኪናው ይመዘናል። ከተወሰነው በታች ከሆነ፣ በአንድ ፓውንድም ቢሆን፣ ውጤቱ ይሰረዛል። ገዛኸኝ ሁልጊዜ የሚቃጠለውን ነዳጅ ቀንሶ ስምንት ፓውንድ ትርፍ ይተዋል። ዛሬም በአሸዋዋ ቤቲ መዝኖ ስምንት ፓውንድ ትርፍ አገኘና ደስ አለው። እኔ ግን የቀበቶው ቀዳዳ ትዝ አለኝ።

ቤቲ እጄን ይዛ ወደ ውጪ ወሰደችኝ።

«አባዬ፣ ስለ ጾሙ እንዳትነግረው። ሲቀልድብኝ ነው የሚውለው።»

«አሸዋው አንቺን አይሆንም። ከስተሻል።»

«የማደርገውን አውቃለሁ።»

ይቺ ቃል ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አፏ ውስጥ ናት። ጫማ የግራውን በቀኝ አድርጋም እንዲሁ ትል ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሃይዌይ ላይ

መኪናዋ ትሬለር ላይ ተጭናለች። እኔ ከገዛኸኝ ጋር በጭነት መኪናው፣ ቤቲ በካምሪው ከኋላ። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ወጣች። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል፣ መሬቱም ቀይ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው። ገዛኸኝ በስልሳ ይሄዳል፤ እኔ በሰባ ቢሄድ ደስ ይለኝ ነበር። አስሬ ሰዓት አያለሁ።

ነዳጅ ማደያ ቆምን። የተቀቀለ ኦቾሎኒ በትልቅ ድስት ይሸጣል፣ አንዱ ኩባያ አራት ዶላር። ገዛኸኝ ገዝቶ ወደ ቤቲ መስኮት ሄደና «ያዢ» አላት። «በልቻለሁ» አለችው። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

ስንነሳ «ስማ ገዛኸኝ፣ ክብደት ቢጎድል በይቅርታ አይታለፍም?» አልኩት።

«ጋሽ ወልዴ፣ አላባማ ላይ ያ ልጅ ሲያለቅስ አላዩትም? አንደኛ ወጥቶ በሁለት ፓውንድ ነው የጣሉት።»

አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ስድስቱንም ውድድር ሄጃለሁ። አላባማ ዝናብ፣ ፍሎሪዳ ሙቀት፣ ቨርጂኒያ ማርሽ ተሰብሮባት ሌሊቱን ሙሉ ሲገጥሙ አድረዋል። ወንዶቹ ተወዳዳሪዎች መጀመሪያ የሜዳው ነርስ መስላቸው ቁስል ሊያሳዩአት ይመጡ ነበር። አሁን ስትመጣ መንገድ ይለቃሉ። ይሄ ሁሉ ልፋት በአንድ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሊወድቅ ነው እያልኩ ኦቾሎኒውን ያለ ልክ በላሁት።

ሦስት ሰዓት፣ መሮጫው ሜዳ

ሜዳ እላለሁ እንጂ ሜዳ አይደለም። መንገዱ ኮረብታ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጥድ ውስጥ ይጠፋል። በር ላይ የወረቀት አምባር እጄ ላይ አሰሩልኝ። ሽማግሌ ነጮች ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ የተጠበሰ ሥጋና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። የቴክሳሱ ሰው ድንኳን ከኛ ቀጥሎ ነው። ረጅም፣ ቀይ ፂም ያለው፣ ትሁት ሰው። ባርኔጣውን አንስቶ «ሰር» አለኝ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቤቲ ቱታዋን ለብሳ ስትመጣ ትከሻዋ ላይ ሰፍቶ ተንጠልጥሏል። ጠራኋት።

«ሁለት ሊትር ውሃ ጠጪ። አራት ፓውንድ ይሆናል።»

«ሰዓቱ ገና ነው።»

«እግዜር ያውቃል፣ ጠጪ።»

«መኪና እንጂ ጾም አታውቅም ያልከኝ ማነው?»

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«ለኔ አንድ ነው» ብላ ሄደች።

አምስት ጊዜ ድንኳኑን ዞርኩት። ከዚያ ለገዛኸኝ ነገርኩት። ጾሙንም፣ ቀበቶውንም፣ ሁሉንም። አንድም አልቀለደም። ቤቲን ጠርቶ «ስንት ቀነስሽ?» አላት። እሷ እኔን እያየች «ሰባት። ትናንት ማታ ተመዝኛለሁ» አለች።

«ስለዚህ የቀረን አንድ ፓውንድ ነው።»

«አንድ ይበቃል።»

«ላብሽስ?»

«ላቤን በጎማ እመልሰዋለሁ። ውድድሩ ሲያልቅ በመንገዱ ዳር ዳር እየነዳሁ የወደቀውን የጎማ ፍርፋሪ እለቅማለሁ። ጎማው ላይ ይጣበቃል። ስድስቱንም ውድድር ለክቼዋለሁ፤ የሚወጣውና የሚገባው እኩል ነው። ጋሽ ገዛኸኝ፣ ብረት ከጨመርክብኝ የቴክሳሱ ሰው የመጨረሻው ዳገት ላይ ይይዘኛል።»

«በፍርፋሪ ሻምፒዮን ልንሆን ነው?» አለ ገዛኸኝ። ከሳጥኑ የእርሳስ ብረት አወጣ፣ ስድስት ፓውንድ። በእጁ እየመዘነ ወደኔ ዞረ። «ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ፈራሁ። አባትየው እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

ቤቲ «አባዬ» አለች።

አላባማ ላይ ያለቀሰው ልጅ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። «እሰረው» አልኩ።

ገዛኸኝ ከወንበሩ ሥር በሁለት ብሎን አሰረው። ቤቲ ሄልሜቷን አጥልቃ ገባች። ስትገባ አላየችኝም።

ሰባት ሰዓት፣ አጥሩ ጥግ

ውድድሩ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም። አጥሩን ይዤ ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። አንዱ ሽማግሌ ወንበር ሰጠኝ፤ አመስግኜ አለፍኩ።

ቤቲ ከመጀመሪያው ትመራለች። ቴክሳሱ በነጭ መኪናው ኋላዋ ተለጥፏል። በየዙሩ ቁልቁለቱ ላይ ትርቀዋለች፣ ዳገቱ ላይ ይደርስባታል። ሁለቱም ያው አንድ ዓይነት መኪና፣ ያው አንድ ዓይነት ድምፅ። ሃያ ደቂቃ፣ ሰላሳ ደቂቃ። እያንዳንዱ ዳገት ላይ ያ ብረት እኔ ጀርባ ላይ ነው ያለው።

በመጨረሻው ዙር ሰማያዊው ከጥዱ ውስጥ ቀድሞ ብቅ አለ። ነጩ ከጎኑ ወጣ። ዳገቱን ጎን ለጎን ወጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ነጩ በግማሽ መኪና ቀደመ። የማብቂያው ባንዲራ ተውለበለበ። አለቀ።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ፣ ሚዛኑ

ሌሎቹ ቀጥ ብለው ገቡ። ቤቲ ግን መንገዱን ዳር ይዛ ቀስ እያለች፣ ወዲህ ወዲያ እያለች መጣች። ፍርፋሪዋን እየለቀመች ነው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ ብረቱ አለ፣ ምን ያደርግላታል?

መጀመሪያ ነጩ ተመዘነ፤ ደህና ነው። ከዚያ ቤቲ ወጣች። ጎማዎቿ በጥቁር ፍርፋሪ ተሸፍነው እንደ ተቆጣች ድመት ፀጉር ቆመዋል። ቁጥሩ ወጣ። ዳኛው ጮክ ብሎ አነበበው፦ ሰባት ፓውንድ ትርፍ።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ከሰባት ላይ ስድስት መቀነስ ግን አያቅተኝም። አንድ። እንዳለችው። ያ ብረት ባይኖርም ሚዛኑን ታልፍ ነበር።

ገዛኸኝ አንገቱን ደፋ። «ጋሽ ወልዴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ብረቱ ያንተ ነው። እሰረው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ቤቲ ወርዳ ወደ ቴክሳሱ ሰው ሄደች፣ እጁን ጨበጠች። እሱ ባርኔጣውን አወለቀ። እሷም ሳቀች፣ የምሯን ይመስላል። ከዚያ ቱታዋን እስከ ወገቧ አውልቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ውሃ ማንም አልሰጣት፣ እሷም አልጠየቀች። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።

ማታ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ወደ ቤት

ገዛኸኝ መኪናዋን ጭኖ ወደ ማሪዬታ ሄደ። እኛ በካምሪው ወደ ስኔልቪል። ቤቲ ትነዳለች። ምስርና ዳቦ በልታለች፣ ሦስት ጠርሙስ ውሃ ጠጥታለች። ፀሐይ ከጎናችን ልትጠልቅ ነው። ቅዳሜ ማታ ስለሆነ መንገዱ ተጨናንቋል፤ እንሄዳለን፣ እንቆማለን።

ብዙ ነገር ልላት አሰብኩ። ስለሚመጣው ዓመት፣ ስለ እናቷ፣ ሰው ፊት ስለ ተናገርኳት ነገር። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለች።

«ፍርፋሪውን ለምን ለቀምሽ? ብረቱ አለ አይደለም እንዴ?»

«ቁጥሩን እንድታየው» አለች።

መብራት አስቆመን። ከፊታችን ያለው አውቶቡስ ቀይ ቀይ አበራ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ለሚስቴም፣ ለቄሱም፣ ለሐኪሙም ብዬው የማላውቀውን ቃል አልኩ።

«ልክ ነበርሽ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቤቲ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ጡሩምባ ነፉብን።

«ድገመው እስቲ» አለች።

«ሰው ይጠብቃል፣ ንጂ።»

«ይጠብቅ።»

ደገምኩት። ከዚያ ነዳች።