በእትዬ ብርቄ ደጅ ያለችው በርጩማ

አያቴ ሐሜት ይዤ በገባሁ ቁጥር «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» ይሉኝ ነበር።

ተማሪ ሳለሁ፣ በዘመሮ ከተማ፣ በትምህርት ቤታችን አንዲት ልጅ ጮኻ ወደቀች፤ በማግስቱ የወደቅነው ሰባት ሆንን። «ማን በላሽ?» ስንባል ሁላችንም ቡዳ ናት ስትባል የሰማናትን ሸክላ ሠሪ፣ እትዬ ብርቄን ጠራን። ሰዉ ዱላ ይዞ ደጇ ሲደርስ አያቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከእጇ ጠላ ይጠጣሉ።

«ከበላችኝ ነገ ትቀብሩኛላችሁ» አሉ እየሳቁ።

አልሞቱም። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ ከዚያች በርጩማ አይጠፉም ነበር፤ ያረፉት ዘንድሮ፣ ዕድሜ ጠግበው፣ አርጅተው ነው።

ባለፈው እሑድ በዚያ ሳልፍ በርጩማዋ ባዶዋን ነበረች። እትዬ ብርቄ ጠላ ቀድታ ወጣች።

«ቁጭ በይ እንጂ ልጄ» አለችኝ፣ ያኔ ስሟን የጠራሁትን እኔን።

ተቀመጥኩ።