ቬልዳ የመድኃኒት ኢንሹራንስ ስትመርጥ

እኛ የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ሽማግሌዎች በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ሰላም የለንም። ለመጪው ዓመት የመድኃኒት ኢንሹራንስ የምንመርጥበት ወቅት ነው። የፖስታ ሳጥኑ በኩባንያ ወረቀት ይታጨቃል፣ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ ስልኩ ምሳ አያስበላም። ሁሉም የኔ ይሻላል ባይ ነው፤ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። እኔ ዌንደል ዕድሜ ልኬን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በበረዶ ላይ መንዳት አውቃለሁ፤ ይህን ግን እንጃ።

ጎረቤቴ ቬልዳ ሃውገን ከኔም ትብሳለች። እስከ ዛሬ ይመርጥላት የነበረው ባሏ ኦርሊን ነው፤ እሱ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ሞተ። መስከረም ላይ ኢንሹራንሷ «ከጥር ጀምሮ የዓይን ጠብታዎን አንሸፍንም» ብሎ ጻፈላት። ቬልዳ ግላኮማ የሚባል የዓይን ግፊት አለባት። ጠብታው ከቀረ ዓይኗ ይጠፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልመከራት የለም። አንዷ ወርሃዊ ክፍያ የሌለውን ያዢ አለቻት። ሌላዋ፣ እሱ እኮ ጠብታ የሚባል ነገር አይሸፍንም አለቻት። አንዱ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ይዞ ሙጭጭ አለ።

«ዌንደል፣ እኔ እኮ ሁሉም ልክ እየመሰሉኝ ተቸገርኩ» አለችኝ።

«ሁሉንም ልክ ነህ ማለት ከቻልሽማ ምነው በወጣትነትሽ ለከንቲባነት በተወዳደርሽ» አልኳት። ሳቀች፤ ግን እጇ ላይ ያለውን ወረቀት እያገላበጠች ነበር።

ምርጫው ሊዘጋ ሲል ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በነጻ የሚያግዙ ሰዎች እንዳሉ ሰማንና ደወለች። ኮርዲያ የምትባል የቀድሞ የሒሳብ መምህርት አነሳች። «ወረቀቱን ሁሉ ይተዉት። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ ይዘው ይምጡ፤ ኮምፒዩተሩ እሱን አይቶ የሚስማማውን ያወጣል» አለቻት። ሰው እንዲህ አቅልሎ ሲናገር ደስ ይላል። በመኪናዬ ወሰድኳት።

ቬልዳ ከከረጢቷ ብልቃጥ በብልቃጥ እያወጣች ስሙን ታነባለች፣ ኮርዲያ ትጽፋለች። ምላስ የሚሰብር ስም ነው ሁሉም። መጨረሻ ላይ ኮምፒዩተሩ ያወጣው ዋጋ የጡረታዋን ሲሶ የሚበላ ሆነ።

ኮርዲያ ግራ ገባት። ምናልባት በፋርማሲው ይሆናል ብላ ሌላ ፋርማሲ አስገባች፤ ያው ነው። ሌላ ኩባንያ አየች፤ ባሰ። እኔ ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩ፤ የሰማኝ የለም።

«ጠብታውን አውጪውና ሞክሪ» አለች ቬልዳ። «አንደኛው ዓይኔ አሁንም ደህና ነው።»

«አብደሻል እንዴ፣ ሴትዮ? የመጣነው ለእሱ አይደል?» ጮህኩባት መሰለኝ፤ ሰው ዞሮ አየን።

«የሚያስወድደው ጠብታው አይደለም» አለች ኮርዲያ። «ደም ማቅጠኛው ነው። ሐኪምዎ በርካሽ ይለውጡልዎት እንደሆነ እንጠይቃለን። ለምን ነበር ያዘዙልዎት?»

«ኦርሊን ልቡን ያመው ነበራ።»

ኮርዲያ ቀና አለች። «ኦርሊን ማናቸው?»

የመለስኩት እኔ ነኝ። «ባሏ ነው። ሚያዝያ ላይ ቀብረነዋል።»

«ቤት ውስጥ ያለውን በሙሉ አምጪ አላልሽኝም?» አለች ቬልዳ። «በሙሉ አመጣሁ። እኛ ቤት የኔ የሱ የሚባል የለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው።»

ኮርዲያ መነጽሯን አወለቀች። «ወይዘሮ ሃውገን፣ የእርሳቸውን ማውጣት ይኖርብናል።»

«አውቃለሁ» አለች። እጇ ግን አልተንቀሳቀሰም። ላወጣላት ፈለግሁና ተውኩት፤ የኔ ሥራ አልነበረም።

ከዚያ ከኦርሊን መድኃኒት አንዱን አነሳች። «ይሄ የጠዋት ነው» ብላ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ኮርዲያ ሰረዘች። «ይሄ ከእራት ጋር ነው፣ ባዶ ሆዱን ያቃጥለዋል።» ኮርዲያ ሰረዘች። አንዱን ብዙ ይዛው ቆየች፤ ማንም አላጣደፋትም። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ የቀረው የደም ግፊት ክኒኗና ጠብታዋ ነው።

ኮርዲያ ቁልፉን ተጫነች፤ መልሱ ወዲያው መጣ። ጠብታውን ይሸፍናል፣ ክፍያውም ጡረታዋን አይነካካም።

«ይኸው» አለች ኮርዲያ ደስ ብሏት፤ «ለእርስዎ ብቻ ሲሆን እኮ ቀላል ነው።»

«ለኔ ብቻ» አለች ቬልዳ።

በቀብሩ ቀን እንግዳ ስታስተናግድ የዋለች ሴት ናት፤ ስታለቅስ ያየኋት ገና እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ኮርዲያ እጇን ያዘቻት።

«እሺ» አለች ቬልዳ እንባዋን ጠርጋ። «መዝግቢኝ።»