ከእንግዶቹ ጋር የገባሁበት መስጊድ

ታላቅ እህቴ ሙስሊም ነጋዴ ያገባች ዕለት አባታችን ማዕዱን ትቶ ተነሣና ወደ እንሰቱ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ፣ «ወደዚያ ቤት የሚሄድ ወደዚህ ቤት አይመለስ» አለ። አባቴ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በሰፈራችን የወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ የሌሎችን ጋብቻ የሚመክር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው። እናታችን ቀድማ ስለ ሞተች፣ ተው የሚለው አልነበረም።

እኔ ለመምህርነት ትምህርት አዲስ አበባ ሳለሁ እህቴ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም። ወሬው የደረሰኝ ከተቀበረች ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ተመርቄ ሶዶ ስመደብ ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በመስጊዱ በኩል ነበር። ባሏ ሱቁን ትቶ የመስጊዱ ጠባቂ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዳንድ ቀን በር ላይ ቆሞ አየዋለሁ፤ አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ። ቆሜ ምን ልበለው?

አንድ ቅዳሜ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርዱ ባልና ሚስት ፈረንጆች መኪናቸው ተበላሽቶ ሶዶ ቆሙ። እስኪጠገን ድረስ ከተማውን ማየት ፈለጉ። ዲሬክተራችን፣ «እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ፣ አስጎብኚያቸው» ብሎ ላከብኝ። ገበያውን ካዩ በኋላ ሴትየዋ የመስጊዱን ጨረቃ ከሩቅ አይታ ካልገባሁ አለች።

ከጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነበር። ካይሮ ውስጥ ትልልቅ መስጊዶች ጎብኝቻለሁ ሲል የቆየው ባልየው፣ «ይኸው ብቻ ነው?» አለ። ይህን አልተረጎምኩም።

የእህቴ ባል ወጣ። ጢሙ ሸብቷል። አየኝና፣ «እንግዶችሽ ናቸው?» አለኝ።

«አዎ። ውስጡን ማየት ይፈልጋሉ። ይፈቅዱላቸዋል?»

«አሁን የስግደት ሰዓት አይደለም። ጫማቸውን አውልቀው ይግቡ። አንቺም ግቢ።»

ሴትየዋ ሻሿን አሰረች፤ እኔም ነጠላዬን ተከናነብኩ። ውስጡ በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ነው፤ ሥዕል የለ፣ ጌጥ የለ። ወለሉ ላይ ግን ከእንሰት ልጣጭ የተሠራ ሰፊ ጅባ ተነጥፏል። ጠርዙ ሁለቴ ታጥፎ በጥቁር ቃጫ ተሰፍቷል። እናቴ ለእኔና ለእህቴ ያስተማረችን አሰፋፍ ነው። ግድግዳውን ያዝኩ።

ፈረንጇ ተንበርክካ ጅባውን ዳሰሰችና፣ «ማን ሠራው በይልኝ» አለች።

«ማን ሠራው ይላሉ» አልኩት።

«ባለቤቴ።»

«ሚስቱ ናት» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«እጇ ይባረክ! እባክሽ ይጥራልኝ፤ ከሥራዋ ጋር ፎቶ ላንሣት።»

ዞር ብዬ አየሁት።

«ምን አሉ?»

«ሊያዩዋት ይፈልጋሉ።»

መሬት መሬት አየ። «ሞታለች በያቸው። እህትሽ መሆኗን ግን አትንገሪያቸው፤ ለመንገደኛ ይከብዳል።»

ነገርኳቸው። ሴትየዋ ካሜራዋን ወደ ማኅደሩ መለሰች። ባልየው በዝግታ ወጥቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እነሱን ወደ መኪናቸው ሸኝቼ ተመለስኩ፤ የእህቴ ባል እዚያው መስጊዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ከከተማው ወጣ ወዳለው መቃብር ወሰደኝ። ራስጌና ግርጌዋ ድንጋይ የቆመበት ጉብታ ነበር። «በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ስንሮጥ መንገድ ላይ አረፈች» አለኝ። «አባቴን ጥሩልኝ ትል ነበር። ሰው ልኬበት ነበር።»

የዚያኑ ቀን ለአባቴ ነገርኩት፤ መስጊድ መግባቴንም፣ መቃብሩንም። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«ጠርታኝ ነበር አለሽ?»

«አዎ፣ ሰው ተልኮብህ ነበር አለኝ።»

«መጥቶ ነበር። ከበር ነው የመለስኩት» አለ። ያን ማታ ራት አልበላም።

ዓመታት አለፉ። አባቴ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ፣ አንድ ጠዋት ሳልጠይቀው፣ «ውሰጂኝ» አለ። በበቅሎ እስከ መቃብሩ አድርሼው ደገፍኩት። የእህቴ ባል ግን ወደ ዘመዶቹ አገር ከሄደ ቆይቷል። ክረምቱ ድንጋዮቹን ጥሏቸዋል፣ ሣሩ ሁሉን ሸፍኗል፣ አዳዲስ መቃብሮችም ተጨምረዋል። ከወዲያ ወዲህ ብል፣ ጎንበስ ብዬ ባይ፣ መለየት አቃተኝ።

«የትኛዋ ናት?»

«ጠፋብኝ፣ አባቴ።»

ባርኔጣውን አውልቆ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠ። እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት ሙስሊም እናት ቆም ብለው፣ «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አሉን።

«ልጄን» አለ አባቴ።

እሳቸውም የትኛዋ እንደሆነች አያውቁም። ሸክማቸውን አወረዱ፣ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ፣ አብረውን አለቀሱ።